የድሮ ቮልስ በራስ እጅ ሲስተካከል፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

በደሴና በኮምቦልቻ የድሮ ቮልስ የያዙ ሰዎች የሚጠይቁኝን ሰብስቤ በአንድ ላይ እንድመልስ ቃል ገብቼ ነበር። መካኒክነት በትምህርት ቤት አልተማርኩም። ባለ 1300 ሞተር ቮልሴን ይዤ ግን ከሃያ ዓመት በላይ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ፤ ቫልቯን፣ ፑንቲናዋንና ካርቡሬተሯን የምነካውም እኔው ነኝ። ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በአየር ለሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ብቻ የሚሠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኩት ቮልስ አለኝ። ቁልፍ ይዤ አላውቅም። ያየው ሰው ሁሉ "ካርቡሬተሩን አስፈታው" ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይህ ሞተር የተሠራው በባለቤቱ እጅ እንዲጠገን ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩን ግን ለመጨረሻ ተወው። መጀመሪያ ቫልቭ (የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍተውና የሚዘጋው)፣ ቀጥሎ ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው)፣ ቀጥሎ ፑንቲና (የኤሌክትሪኩን መስመር እየከፈተና እየዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው)፣ ቀጥሎ የእሳቱ ሰዓት (ብልጭታው የሚመጣበት ቅጽበት)፣ ካርቡሬተር ከሁሉም በኋላ። ይህ ቅደም ተከተል የኔ ልማድ አይደለም። ቫልቩ በትክክል የማይዘጋ ሲሊንደር የቱንም ያህል ጥሩ ቤንዚን ቢያገኝ በደንብ አይነድም። የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ የእሳቱ ሰዓትም አብሮ ስለሚለወጥ፣ ሰዓቱን ቀድሞ ያስተካከለ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ካርቡሬተር በሌሎች ጥፋት የሚከሰስ ዕቃ ነው። ለጥገና መጥተው ካየኋቸው ቮልሶች ብዙዎቹ የካርቡሬተራቸው ቡሎኖች ተጠምዝዘው ተጠምዝዘው ቦታቸውን የሳቱ፣ እውነተኛው ችግራቸው ግን ያለቀ ፑንቲና ነበር።

መነሻ መሣሪያህ 13 ቁጥርና 21 ቁጥር ቁልፍ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች፣ ሁለት ሽቦ የተያያዘባት የመኪና አምፖልና ደብተር ነው። ደብተሩን አደራ። ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት የነበረውን ልክ ጻፍ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ነድተህ እይ፤ ውጤቱን ጻፍ።

ጥያቄ፦ ሞተሬ ሲሠራ ቲክ ቲክ ይል ነበር። ጋራዥ ወስጄው ቫልቩን አጥብቀው ድምፁን አጠፉልኝ። አሁን ጸጥ ብሏል፤ ጉልበቱ ግን ቀንሷል። ከኮምቦልቻ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ድምፅ የጤና ድምፅ ነበር። እባክሽ ዛሬ ነገ ሳትይ ክፍተቱን መልሺለት።

ቫልቭ በሙቀት ይረዝማል። በቫልቩ ጫፍና እሱን በሚገፋው ክንድ መካከል ጥቂት ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ቫልቭ ሙቀቱን ለቴስታታው (ለሲሊንደሩ ራስ) የሚያስረክበው ደግሞ በዋናነት መቀመጫው ላይ ባረፈበት ቅጽበት ነው። ማረፊያ ያጣ ቫልቭ ከነሙቀቱ ይቆያል፤ ጠርዙ ይቃጠላል፤ ሲብስም ተሰብሮ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። በጊዜ ብዛት ክፍተቱ በራሱ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ድምፁ እያነሰ የመጣ ቮልስ ከሚንኳኳው ይልቅ ያሳስበኛል።

ልኩ ለአብዛኞቹ ሞተሮች፣ ለመግቢያውም ለመውጫውም ቫልቭ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጡ አንዳንድ 1200 ሞተሮች ሌላ ልክ አላቸውና የሞተርሽን ቁጥር አይተሽ አረጋግጪ። ሥራው የሚሠራው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ማታ አቁመሽው እደሪና ጠዋት ጀምሪ።

ካንዴላዎቹን ፍቺ፤ ሞተሩ ያለ ትግል ይዞርልሻል። እሳቱን ለካንዴላዎቹ በተራ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሺ። በዲናሞው ላይ ያለውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘሽ፣ ታችኛው ፑሌጃ (ቀበቶው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ላይ ያለው ምልክት የሞተሩ አካል ሁለት ግማሾች ከሚገጥሙበት መስመር ጋር እስኪገናኝ ድረስ በሰዓት አቅጣጫ አዙሪ። ከክዳኑ ሥር የሚዞረው ሮተር በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት እያመለከተ ከሆነ ተራው የአንደኛው ሲሊንደር ነው። በተቃራኒው ካመለከተ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሪ። ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ወደ ፊት ስታዪ፣ በቀኝ የፊተኛው አንደኛ፣ የኋለኛው ሁለተኛ፤ በግራ የፊተኛው ሦስተኛ፣ የኋለኛው አራተኛ ነው።

የቫልቩን ክዳን የያዘውን የሽቦ ማቀፊያ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፍተሽ ክዳኑን አውጪ። የ13 ዳዶውን አላልተሽ 0.15 ስስ ብረቱን አስገቢ። ብረቱ ሲሳብ ጥቂት መያዝ አለበት፤ መጨናነቅ ግን የለበትም። ዳዶውን ስታጠብቂ መካከለኛውን ቡሎን በካቻቢቴ ያዢው። ከዚያ እንደገና ለኪ፤ ሲጠብቅ ልኩ መሸሹ የተለመደ ነው። የሁለቱ ቫልቮች ሥራ ሲያልቅ ፑሌጃውን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ አዙሪ፤ ሁለተኛውን ታገኛለሽ። ሌላ ግማሽ ዙር ሦስተኛውን፣ ሌላ ግማሽ ዙር አራተኛውን ይሰጥሻል። የእሳቱ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ስለሆነ ወደ ኋላ ስትዞሪ ቁጥሩ በቅደም ተከተል ይመጣል። ክዳኖቹን ስትመልሺ አዲስ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) አድርጊ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1971 በፊት በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርደው፣ እሱ ከሁሉም ይልቅ ይሞቃል። እዚያ ላይ ክፍተቱን ለማጥበብ አትፈተኚ።

ጥያቄ፦ ካንዴላ መቀየር ከባድ ነው?

መልስ፦ ቀላል ነው፤ የሚያስከፍለው ስህተት ግን ከባድ ነው። ቴስታታው ብረት ሳይሆን ለስላሳ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። በጀማሪነቴ ዘመን ገና ትኩስ በሆነ ሞተር ላይ ካንዴላ አጣምሜ አስገብቼ በጉልበት አጠበቅሁት። ጥርሱ ተላጠ፤ ሞተሩ ወርዶ ቴስታታው እንደገና ጥርስ እንዲወጣለት ተገደድኩ። ከዚያ ወዲህ የካንዴላውን ጀርባ በአንድ ጎማ ቱቦ ውስጥ ሰክቼ በጣቴ አዞረዋለሁ። ጠማማ ከገባ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ ጥርሱን አይበላም። በእጅ እስኪቆም ከገባ በኋላ፣ አዲስ ቀለበት ካለው በቁልፍ ግማሽ ዙር ገደማ ይበቃዋል። የጫፉ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን።

የወጡትን ከመጣልህ በፊት እንደ ወጡበት ሲሊንደር ተራ ደርድራቸው። የተቆላ ገብስ ቀለም ያለው ጥሩ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰው ቤንዚን በዝቶበታል፤ ነጭ የሆነው ቤንዚን አንሶታል ወይም ከመጠን በላይ ሞቋል፤ በዘይት የራሰው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባበት ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ፔጆ 404 ነው። ይህ ሁሉ ይሠራልኛል?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ አዎ፤ ቁጥሮቹ አይሠሩም። የርስዎ ሞተር በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ የቫልቭ ክፍተቱን ከመኪናው መመሪያ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ ልክ የነበረው መኪናዬ ደሴ ሲደርስ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር) ይንቀጠቀጣል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። የተበላሸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 650 ሜትር ትወጣለህ። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ስድስተኛ፣ ደሴ ላይ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ የለመደውን ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ትርፉ ጭስ ይሆናል።

ሁልጊዜ ደሴ የምትኖር ከሆነ ሚኒሞውን እዚሁ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ አስተካክለው። የቤንዚን መጠን የምትቆጣጠረውን ትንሽ ቡሎን ሞተሩ እስኪዘገይ ድረስ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ አስገባት፤ ከዚያ ፈጥኖና ረግቶ እስኪዞር መልሳት። ካርቡሬተሩ ውስጥ ዋናው ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቡሎን አንድ ቁጥር በሚያንስ መቀየርም ይቻላል። ነገር ግን በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቆላ የምትወርድ ከሆነ እባክህ አታድርገው። እዚያ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ያንስበታል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ያንተን ሞተር የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ያው ትኩስ አየር ነው። ጥቂት ጭስ ከተቃጠለ ፒስተን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምወጣው የሐረጎ ዳገት አሁን ሁለተኛ ያስገባኛል። የለውጡ ቀን ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ ቀስ በቀስ ነው የመጣው።

መልስ፦ ቀስ በቀስ የሚጠፋ ጉልበት ሲገጥመኝ አስቀድሜ ፑንቲናውን እጠረጥራለሁ። እኔም አንድ ክረምት ሙሉ ቤንዚኑን ስወቅስ፣ ፊልትሮ ስቀይር ከርሜ፣ ክዳኑን ስከፍት የፑንቲናው ክፍተት ግማሽ ያህል ቀርቶ አገኘሁት። በዘንጉ ላይ የሚፈተገው ትንሽ ተረከዝ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፤ እሳቱም ዘግይቶ ይመጣል። ትክክለኛው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካው ተረከዙ የዘንጉ ከፍተኛ ጫፍ ላይ ሲቆም ነው። የሚፈተግበት ቦታ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግራሶ አድርግ።

ከዚያ ሰዓቱ። የአምፖሏን አንድ ሽቦ ከቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛውን ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው) ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ሽቦ በሚሄድበት፣ 1 በተጻፈበት ጫፍ፣ ሌላውን ከመኪናው አካል ጋር አገናኝ። ፑሌጃውን በሰዓት አቅጣጫ አዙረህ ለአንደኛው ሲሊንደር ምልክቱ ላይ አቁም። ምልክቱ እንደ ዲስትሪቢዩተሩ ዓይነት ይለያያል፤ ለብዙዎቹ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ክፈት፤ ሞተሩን አታስነሳ። ዲስትሪቢዩተሩን አላልተህ መብራቱ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ፣ ከዚያ ልክ ብልጭ እስኪል ድረስ ወደ ኋላ አዙርና እዚያው አጥብቀው። ቁልፉን ከፍተህ አትቆይ፤ ቦቢናው ይግላል።

ጥያቄ፦ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነዳጅ ለቅቄ ሳለ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይተኩሳል።

መልስ፦ የማርሚታውን መገጣጠሚያዎች እይ። በቀዳዳ የገባ አየር ያልነደደውን ቤንዚን እዚያው ያነደዋል። ጓርኒሲዮኑን ቀይረህ ካልተወው ሚኒሞው ቤንዚን አንሶት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዘይቱን ራሴ ልቀይር እችላለሁ? ዕድሜዬ ገፍቷል።

መልስ፦ ይችላሉ አባባ፤ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ፊልትሮ የለውም፤ ከሥር በስድስት ትንንሽ ዳዶ የተያዘ ወንፊት አለ። ወንፊቱን አጥበው በአዲስ ጓርኒሲዮን ይመልሱት፤ ዳዶዎቹን ግን በጣም አያጥብቁ፤ በቀላሉ ይበጠሳሉ። ዘይቱ በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር። ከመኪናው ሥር መግባቱን ለልጆች ይተዉላቸው፤ እርስዎ ይዘዟቸው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ጨረስኩ። መንገድ ከመውጣቴ በፊት የረሳሁት አለ?

መልስ፦ ሁለት ነገር። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎችን በጣትህ እጠፋቸው፤ ከተሰነጠቁ ዛሬውኑ ቀይር። ቮልስ የሚቃጠለው በአብዛኛው ትኩስ ሞተር ላይ በሚንጠባጠብ ቤንዚን ነው። ሁለተኛው ቺንጋው (የጎማ ቀበቶው) ነው፤ መሐሉ በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይግባ። ያ ቺንጋ የሚያዞረው ዲናሞውን ብቻ አይደለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው። ከመሪው ፊት ያለው ቀዩ የዲናሞ መብራት ድንገት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ኮምቦልቻ ቅርብ ነው ብለህ አትቀጥል፤ እዚያው ዳር ይዘህ አጥፋ። ትርፍ ቺንጋና የ21 ቁልፍ ከወንበሩ ሥር ይኑር።

ከዚያ ከኮምቦልቻ ተነስተህ ሐረጎን ውጣ፤ ሞተሩን በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቀው። ደሴ ስትደርስ አጥፋው፤ ሲቀዘቅዝ የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፍታና ቀለሙን ደብተርህ ላይ ጻፍ።