ፎቶውን ላውርደው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት አለችኝ። በ1977 ዓ.ም. ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ኮረም መጠለያ ነበርኩ። እዚያ የበላሁት ብስኩት ማይክል ጃክሰን ዘፍኖ የላከው እንደሆነ፣ ራሱም መጥቶ እንዳየን ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። ለውለታው ብዬ ፎቶውን ከብርጭቆ መደርደሪያው በላይ ሰቅዬ ስኖር፣ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ልጄ «አባዬ፣ ሕፃናትን በድሏል የተባለ ሰው ነው፤ አውርደው» አለችኝ። ደንበኞቼ ደግሞ «ጥቁርነቱን ጠልቶ ቆዳውን ያስቀየረ» ይሉታል። የትኛውን ልመን?

(ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ ከብስኩቱ ብንጀምር ይቀለናል። ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያሳየው የረሃቡ ዘገባ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ የአሜሪካ ዘፋኞች አንድ ላይ እንዲዘፍኑ ሐሳቡን ያመነጨው ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ነበር። «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተባለውን ዘፈን የደረሱት ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ ሲሆኑ፣ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊቱን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ40 በላይ ድምፃውያን በሙዚቃ አቀናባሪው በኩዊንሲ ጆንስ መሪነት ቀዱት። ከድምፃውያኑ አንዱ ስቲቪ ዎንደር የስዋሂሊ ስንኝ ካልገባ ብሎ ቢሟገትም፣ የተራበው ሕዝብ ስዋሂሊ እንደማይናገር ተነግሮት ሐሳቡ ቀረ (የኮረም ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?)። በዚያው ሌሊት ግን ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ወደ ስቱዲዮው ይዞ ገብቶ፣ ሴቶቹ ስለ ወገናቸው ሲያመሰግኑ ብዙዎቹ ዘፋኞች አልቅሰዋል።

ዘፈኑ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል፤ ገንዘቡ ግን ለሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተከፋፍሏል። ለተራበው ወገን የደረሰው እርዳታም ከመንግሥታት፣ ከቀይ መስቀልና ከአብያተ ክርስቲያናት ድርጅቶች ጭምር የመጣ በመሆኑ፣ እርስዎ እጅ የገባውን ብስኩት ማን እንደገዛው ለይቶ መናገር አይቻልም። ማይክል ራሱ ወሎን አልረገጠም። በሰኔ 1977 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የእርዳታው መልእክተኞች መካከል ግን ወንድሙ ማርሎን ጃክሰን ነበረበትና «ጃክሰን መጣ» የተባለው ከዚያ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። የ40 ሰው ሥራ በአንድ ሰው ስም መጠራቱም አያስገርምም፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው «ትሪለር» 37 ሳምንት በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ የቆየለት፣ በ1984ም በአንድ ምሽት 8 ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት የወሰደ ሰው አጠገብ የማን ስም ጎልቶ ይሰማል?

የልጅዎ ነገር ከባዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የአንድ ልጅ ቤተሰብ በወሲባዊ ጥቃት ከሰሰው፤ በጥር 1994 ገንዘብ ተከፍሎ በስምምነት አለቀ። በእኛ ሽምግልና ካሳ የሚከፍል ሰው ጥፋቱን አምኖ ነውና ብዙ ሰው ይህን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮታል፤ በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እንዲህ ያለው ክፍያ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ንጹሕ የመሆን ማስረጃም አይደለም። በሌላ ልጅ ጉዳይ የወንጀል ችሎት ቀርቦ ደግሞ ሰኔ 13 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ከክሶቹ ሁሉ ነጻ ወጣ፤ ይህም የቀረበው ማስረጃ ዳኞቹን ከጥርጣሬ አላወጣቸውም ማለት ነው። ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሁለት ሰዎች በልጅነታችን ደፍሮናል ብለው በዘጋቢ ፊልም ተናገሩ። አንደኛው በ2005ቱ ችሎት ለማይክል መከላከያ የመሰከረ ነበር፤ ደጋፊዎቹ ይህንኑ ይዘው ውሸታም ይሉታል። እኔ ግን በልጅነቱ የተበደለ ሰው ለዓመታት በዳዩን ሲሸሽግ መኖሩ በየአገሩ የታወቀ ስለሆነ፣ የቃሉ መለወጥ ብቻውን ውሸታም አያሰኘውም እላለሁ። ወራሾቹ ክሱን ያስተባብላሉ፤ ሟቹ ደግሞ ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ ልጅዎን «በደለኛ መሆኑ ተረጋግጧል» ካለች ሊያርሟት ይችላሉ፤ በብስኩቱ ግን አይመልሱላት። የበላነው እህል የእኛን ሕይወት አተረፈ እንጂ አሜሪካ በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ስለሆነውና ስላልሆነው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ደንበኞችዎ ተሳስተዋል። ማይክል ለምጽ ነበረበት፤ በየካቲት 1993 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን አቅራቢዋ ለኦፕራ ዊንፍሪ ራሱ ተናግሯል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሞትም የአስከሬን ምርመራው አረጋግጧል። አፍንጫውን በቀዶ ሕክምና ማስተካከሉ እውነት ነው፤ ጥቁርነቱን ጠልቶ ቆዳውን አስቀየረ የሚለው ግን ሐሜት ነው። ይህን ለደንበኞችዎ ዛሬውኑ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል፤ ለምጽ ያለበት ሰው እርስዎም ቤት ሻይ ሊጠጣ ይገባልና።

ስለ ፎቶው፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። የሰቀሉት ለኮረሙ ውለታ ከሆነ ግን፣ በዚያ ሌሊት ዘፋኞቹ ተደርድረው የተነሡት የጋራ ፎቶ አለ፤ ማይክልም በመካከላቸው ቆሟል። እኔ ብሆን እሱን አሳጥቤ እሰቅል ነበር።