ቦርዱን ገና አትግዛ፤ ሂተርህን ያፈነው ከፍታው ነው

ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ላላዩት ላሳጥረው፦ ካምፐር ቫንህ ላይ ያለው ባለ 2 ኪሎዋት የቻይና ናፍጣ ሂተር ባሕር ዳር ላይ እያጨሰም ቢሆን ያሞቃል። ደብረ ማርቆስ ስትገባ ነጭ ጭስ ለቅቆ ይጠፋል። እንግዳ ይዘህ ጮቄ ተራራ ስትወጣ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም፣ ስክሪኑ ላይ «ኢ-10» ይጽፋል። መካኒኩ «ቦርዱ (ሂተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ብሎሃል። ልግዛ ወይስ ልተወው ነው ያልከው።

አትግዛ። ቢያንስ ገና አትግዛ።

የተቃጠለ ቦርድ ከተማ አይመርጥም። ባሕር ዳር ላይ አሙቆ ማርቆስ ላይ የሚሞት ቦርድ አላጋጠመኝም። ኢ-10 ደግሞ በአብዛኞቹ የቻይና ሂተሮች ላይ «ላቀጣጥል ሞክሬ እሳት አልያዘልኝም» ማለት ነው። ሞክሮ፣ ጠብቆ፣ አልሆነም ብሎ የጻፈልህ እኮ ራሱ ቦርዱ ነው። ሞቶ ቢሆን ማን ይጽፍልህ ነበር?

የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ፤ ሥራዬ ዳንግላና እንጅባራ ላይ ነው። የጉድጓድ ቁፋሮና የመንገድ ሥራ ልጆች የሚያድሩባቸው መኪኖች ላይ እነዚህን ሂተሮች ስገጥምም ስፈታም ኖሬያለሁ። ተበላሹ ተብለው ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ አየር አጥሯቸው የታፈኑ እንጂ የተበላሹ አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሿ የናፍጣ ፓምፕ «ቲክ» ባለች ቁጥር የምትሰጠው ናፍጣ የተወሰነ ነው። ማራገቢያውም በታዘዘው ፍጥነት ይዞራል። ሁለቱ ከፋብሪካ ሲወጡ የተመጣጠኑት ለቆላ አየር ነው። ስም ያላቸው የጀርመን ሂተሮች እንኳ የቆዩት ሞዴሎች መመሪያ እስከ 1,500 ሜትር ያለ ገደብ ሥራባቸው፣ ከዚያ በላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ ከፍ ብለህ የምትከርም ከሆነ ግን የከፍታ ማስተካከያ ይጨመርላቸው ይላል። አሁን ወደ እኛ አገር ና። ዝቅ ያለችው ባሕር ዳር እንኳ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ማርቆስ ከ2,400 ታልፋለች፣ እንጅባራ ከ2,500 ታልፋለች፣ የጮቄ ጫፍ 4,000ን ይሻገራል። ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ጎድሏል፤ ጮቄ ጫፍ ላይ ከሲሶ በላይ። ናፍጣው ግን ሳይቀንስ ይፈስሳል። ነበልባሉ አየር ሲያጣ ናፍጣውን አሟጦ አያቃጥልም፤ የተረፈው ጥቀርሻ ይሆናል። ክሩ ከልክ በላይ የወጣ ፋኖስ ብርጭቆውን እንዴት እንደሚያጠቁረው አይተሃል አይደል፣ ያው ነው።

ጥቀርሻው ታዲያ ቶሎ የሚያጠቃት ማቀጣጠያዋ ፒን ዙሪያ ያለችውን የሽቦ ወንፊት ነው። ናፍጣው ተንኖ እሳት የሚይዘው እዚያች ላይ ነው። ወንፊቷ ስትደፈን ናፍጣው ይመጣል፣ ፒኗም ትግላለች፣ እሳቱ ግን አይያዝም። የጋለው ናፍጣ ሳይቃጠል ተንኖ በጭስ ማውጫው ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንተ ማርቆስ ላይ የምታየው ይህንን ይመስለኛል። ስለዚህ የያዘህ ሁለት በሽታ ነው፤ አንዱ ከፍታው፣ ሌላው ከፍታው ውስጡ ያከማቸው ጥቀርሻ። አጽድተህ ብቻ ብትተወው ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይደፈናል። ሳታጸዳ ብታስተካክለው ደግሞ መጀመሪያውኑ አይነሳም። ሰው አንዱን ብቻ ሠርቶ «አልሆነም» ሲል ቦርድ ሻጩ ዘንድ ይሄዳል።

መፍቻ ከማንሳትህ በፊት ግን ኤሌክትሪኩን ከጥርጣሬ አውጣው። ፒኗ ስትግል ከ8 እስከ 10 አምፔር ትስባለች፤ ሂተሩ ከበድ ያለ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ያኔ ብቻ ነው። ቴስተርህን ባትሪው ላይ ሳይሆን ሂተሩ ራሱ ሶኬት ላይ አድርገህ፣ ልክ በሚነሳበት ደቂቃ ለካ። ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት ሆኖ ሂተሩ ጋ ከ11 በታች ከወረደ መሐል ላይ የበላው ሽቦው ነው። ለቴፕ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሂተር መቀጠል እኛ ጋ ልማድ ሆኗል፤ ገጣሚው «ይሠራል» ይልሃል፣ ቀን ላይ ሞተር ተነስቶ ስለሚሞክረው ይሠራል። ሌሊት ሞተር ጠፍቶ፣ ባትሪው በብርድ ደክሞ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሞተሩን አስነስተህ ሂተሩ ወዲያው ከያዘልህም ምልክቱ ወደ ሽቦና ወደ ባትሪ ነው። በነገራችን ላይ ፊውዝ መግቢያው ላይ ሽቦ ተጠምዝዞ ካገኘህ ዛሬውኑ አውጣው። ከላዩ ላይ ሰው የሚተኛበት መኪና ነው።

ጭሱንም አንብበው። ነጭ ከሆነ ናፍጣ ደርሷል፣ እሳት ግን አልያዘም። ጥቁር ከሆነ እሳት አለ፣ አየር አንሶታል። ምንም ጭስ ሳይኖር ዝም ብሎ ከጠፋ ናፍጣው ራሱ አልደረሰም፤ ያኔ ወደ ታንከሩ ተመለስ። የብዙዎቹ ሂተር መምጠጫ ቱቦ እስከ ታንከሩ ወለል እንዳይደርስ ተደርጎ ነው የሚገጠም፣ ሂተሩ ሌሊቱን ጨርሶ ጠጥቶብህ ጠዋት መኪናው እንዳይቆም። ስለዚህ ናፍጣህ ከሩብ በታች ሲሆን ሂተሩ ቢያቆም ብልሽት አይደለም። ጮቄ ላይ ተዳፋት ላይ ዘንበል አድርገህ ስታቆም ደግሞ ሩብ ያልከው ለመምጠጫው ባዶ ሊሆን ይችላል። ጮቄ ላይ «ጭራሽ አይነሳም» ስትል ይጨስ አይጨስ አልነገርከንም፤ እሱ ለብቻው መታየት አለበት። በጀሪካን ከመንገድ የምትገዛው ናፍጣ ከሆነ ውኃና አቧራም ጠርጥር፣ ትንሿን ፊልትሮ ቀይር። ፓምፗ በጎኗ ተጋድማ ታስራ ከሆነም መውጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋት፣ አየር ውስጧ እየተያዘ ነው ናፍጣ የምታቋርጠው።

ከመኪናው ሥር ያሉትን ሁለቱን ቱቦዎች፣ አየር ማስገቢያውንና ጭስ ማውጫውን፣ በእጅህ ዳስስ። በክረምት በቢቸና በኩል ያለውን መረሬ የረገጠ መኪና ቱቦው በጭቃ ቢደፈን አይገርምም። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሰው መኪና ሥር መግባት ይሰለቻል።

አንድ ሙከራ ልንገርህ፣ ሰው ቢስቅብህም ሥራው። አዲስ አበባ ስትወርድ ደጀንን አልፈህ ዓባይ በረሃ ግባ፤ ወንዙ ጋ ከፍታው 1,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ድልድዩ አጠገብ ግን አትቁም፣ ጠባቂዎቹ አይወዱም፤ ራቅ ብለህ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልግ። መስኮት ከፍተህ፣ ላብህ እየወረደ፣ ሂተሩን አስነሳው። ያለ ጭስ ከተነሳና ከሠራ ቦርዱም፣ ፓምፗም፣ ፒኗም ደህና ናቸው፤ የቀረህ የከፍታው ጉዳይ ነው። እዚያም ነጭ ካጨሰ ጥቀርሻው በጣም ገብቷል ማለት ነው።

ጽዳቱን በተመለከተ፣ ጥቀርሻው ገና ቀላል ከሆነ ሂተሩን ከናፍጣው ነቅለህ በትንሽ ዕቃ ንጹሕ ነጭ ጋዝ ስጠውና ውጭ አቁመህ በሙሉ ኃይሉ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠራው። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ በጠራ እሳት ስለሚነድ የተወሰነውን ያቃጥልልሃል። ቤንዚን ግን በፍጹም እንዳታስበው። አንተ ጋ እንደምጠረጥረው ከጠነከረ ግን መፍታት ነው። ባትሪውን ንቀል፣ ክዳኑን አንሳ፣ ፒኗን በልኳ መፍቻ አውጣ፤ ሸክላ ስለሆነች ስታዘንባት ትሰበራለች። ወንፊቷን በቀጭን ፒንሳ ሳብ። ስታወጣት እንዴት እንደተቀመጠች ፎቶ አንሳ፣ ስትመልሳት አቅጣጫዋ ከተሳሳተ ያው ትሆናለች። ደርቃ ጠቁራ ከመጣች በላምፓ ላቃጥላት፣ በብሩሽ ልፈግፍጋት አትበል፤ ለውጣት። ዋጋዋ ከቦርዱ ጋር አይወዳደርም፣ እኔ መለዋወጫዋን መኪና ውስጥ አስቀምጡ ነው የምለው። ማቃጠያ ክፍሉን ድረስ ከከፈትህ ደግሞ ሲገጠም ጋስኬቱ (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን። አሮጌ ጋስኬት ላይ ገንዘብ ማዳን ጭሱን ወደ መኝታህ ማስገባት ነው።

ከዚያ ማስተካከሉ። የቻይናዎቹ ጥሩ ነገራቸው ብዙዎቹ መቆጣጠሪያቸው ላይ የፓምፗን ፍጥነት በሄርዝ (በሴኮንድ ስንት «ቲክ» እንደምትል) መቀነስ መቻሉ ነው። የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል፤ በብዙዎቹ ላይ 1688 ነው። ከምንም በፊት የነበሩትን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ ትልቁንም ትንሹንም የፓምፕ ቁጥር አሥር በመቶ ያህል ቀንስ፣ በሙሉ ኃይል ሩብ ሰዓት አሠራውና ጭስ ማውጫውን ተመልከት። አሁንም ካጠቆረ እንደገና ቀንስ። ለማርቆስ ከፍታ ከአምስት አንዱን እስከ ሩቡን ቢቀንስ አይገርመኝም። ልኩን የምታውቀው ጭሱ ለዓይን ሲጠፋና የቱቦው አፍ ውስጡ ደርቆ ግራጫ ሲሆን ነው። እሳቱ መሐል ላይ ከጠፋብህ አብዝተህ ቀንሰሃል። ቆላ ስትወርድ ደግሞ ወደ ቀድሞው መልሰው።

ናፍጣ ሲቀንስ ሙቀትም ይቀንሳል፤ 2 ኪሎዋት ብለህ የገዛኸው ማርቆስ ላይ ወደ 1.5 ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ የመስኮቱን ብርድ መዝጋት ሂተሩን ከማስጨነቅ ይሻላል። ጮቄን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከሮብ ገበያ በላይ ወጥቶ ማደር ሥራህ ከሆነ ይህን ሂተር እየጠመዘዝክ አትኑር። ለቦርድ ልታወጣው ያሰብከውን ብር አስቀምጥና የአየር ግፊት ሴንሰር ያለበትን፣ ናፍጣውን ራሱ የሚመጥነውን ግዛ።

አጠቃቀም ላይ ሦስት ነገር። ሌሊቱን ሙሉ በትንሹ እያንቀላፋ አይሠራ፣ ጥቀርሻ የሚወልደው ዝቅተኛው እሳት ነው፤ ከማጥፋትህ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል በሙሉ ኃይሉ ይንደድ። ስታጠፋው ደግሞ በራሱ ማብሪያ አጥፋው፣ ማራገቢያው ሰውነቱን አቀዝቅዞ እስኪቆም ባትሪውን አትቁረጥ። ቦርድ በእውነት የሚያቃጥል ነገር ከተባለ ይኼ የባትሪ ቁረጣ ነው። የሞቀው አየር የሚወጣበት አፍ ላይ ጋቢም ሻንጣም እንዳይደረብበት፤ ሲታፈን ግሎ ራሱን ያጠፋል።

አሁን የማልዘለው ነገር። ሂተሩ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አዊ ዞን ከሰል በየመንገዱ ዳር በኩንታል ተደርድሮ ነው የሚሸጠው፣ ምድጃውን ውጭ አቀጣጥሎ «ጭሱ ወጥቷል» ብሎ መኪና ውስጥ ማስገባት በጣም ይቀላል። የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ፍም ሆኖ ሲቀላ ነው እንደውም የሚያታልልህ። የናፍጣ ሂተርም የጭስ ቱቦው ማሰሪያ ከላላ ወይም ጋስኬቱ ከተበላ ያንኑ ጋዝ ያስገባል። ጮቄ ላይ ደግሞ የባሰ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ከቆላ የመጣ እንግዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲያድር በከፍታው ብቻ ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ የጋዙም ምልክት ይኸው ነው። «ከፍታው ነው፣ ተኛ ይሻልሃል» ብለህ ታስተኛዋለህ። እኔ የምይዘው ደንብ፦ መኪናው ውስጥ ካሉት ከአንድ ሰው በላይ ራሱን ካመመው፣ ወይም ውጭ ሲወጣ ቀለል ካለው፣ ሂተሩ ይጠፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሁሉም ይወጣል። ብርዱ በብርድ ልብስ ይቻላል። የጋዙን ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ አስላክና ከትራሱ ከፍታ ላይ ስቀለው።

ስትመለስ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ሂተሩ ሶኬት ላይ ሲነሳ የለካኸው ቮልት ስንት ሆነ፣ ጮቄ ላይ ናፍጣህ የት ደርሶ ነበር፣ ጭስስ ነበረው ወይ። የወንፊቷን ፎቶም ጨምርበት። መካኒኩን አትቀየመው፣ ቆላ የሚሠራ ሰው ከሆነ ይህ ነገር አጋጥሞት አያውቅ ይሆናል።