መልስ፦ አቫታር 2ን ሲኒማ ወይስ ቤት?

ሰላም ወንድሜ። ሁለተኛው አቫታር አካባቢህ ባለ ሲኒማ ቤት እንደገና ሊታይ ነው፤ ትኬት ልቁረጥ ወይስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልየው ብለሃል። እኔን ከሰማኸኝ ቁረጥ።

የመጀመሪያው በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ተከታዩ የመጣው በ2022 መጨረሻ ነው። 13 ዓመት የጠበቅነው ፊልም! ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ተዋንያኑን እውነተኛ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ነው ያሠራቸው። ከተዋንያኑ አንዷ ኬት ዊንስሌት ለዚሁ ብላ ሠልጥና ከ7 ደቂቃ በላይ ትንፋሿን ይዛለች። ይህ ሁሉ ልፋት ትንሽ ስክሪን ላይ ሲያልቅ ያሳዝነኛል።

ዋናው ግን ስሪ ዲው (3D፣ በልዩ መነጽር ሲታይ ምስሉ ከስክሪኑ የወጣ የሚመስልበት) ነው። ፊልሙ የተሠራው ለስሪ ዲ ነው፤ ቤታችን ያሉት ቴሌቪዥኖች ደግሞ አብዛኞቹ ስሪ ዲ አያሳዩም። ሲኒማ ሳየው ውሃው ጉልበቴ ድረስ የመጣ ነው የመሰለኝ። በኋላ ቤት ደገምኩት። ታሪኩ ያው ነው፤ ያ ስሜት ግን የለም። ስልኬም በየመሀሉ ይጠራል።

ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው፤ ትንንሽ ልጆች የምትይዝ ከሆነ ቤት ይሻላል። ብቻህን ከሆንክ መሀል ረድፍ ላይ ወንበር ያዝ፤ ስክሪኑ አጠገብ ባለው የፊት ረድፍ ከተቀመጥክ ዓይንህ ይደክማል።