ውሃው ተመልሶ ይመጣል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን ሲስተር። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ ኬሞም ወስዳ ጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ደህና ነበረች። ዘንድሮ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ብርድ ነው ብለን አጥሚትና ዝንጅብል ስናጠጣት ከረምን። ሲብስባት የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ አሳየናት። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) አይተው ልቧ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል አሉን። በመርፌ ሲቀዱላት ትንፋሿ ወዲያው ተመለሰ። የወጣው ውሃ ቀይ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰሩ ወደ ልቧ ሽፋን ተዛምቷል ተባልን። ለእሷ አልነገርናትም። ብርድ ነው፣ ውሃው ወጥቷል፣ አለቀ ነው ያልናት። አሁን ግን ሦስት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው። ውሃው ተመልሶ ይመጣል ወይ? ጎረቤታችን እሷ የምትውጠውን የሽንት ክኒን ስጧት፣ ውሃውን ያወርደዋል ትላለች። እንስጣት? ረመዳን ሲገባስ መጾም ትችላለች? እኔ አትጹሚ ብላት አትሰማኝም።
ልጇ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ከክኒኑ ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም። እንዳትሰጧቸው።

ጎረቤታችሁ በቅንነት ነው ያሉት። የሽንት ክኒን እግር ሲያብጥ ወይም ሳንባ ውሃ ሲይዝ ይረዳል። እናትሽ ጋ ያለው ውሃ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ልብ የተቀመጠው ሁለት ስስ ሽፋን ባለው ከረጢት ውስጥ ነው፤ ሐኪሞቹ ፔሪካርዲየም ይሉታል። በሽፋኖቹ መካከል ጤነኛ ሰውም ፈሳሽ አለው፤ አንድ የቡና ስኒ እንኳ የማይሞላ። ልብ ሲመታ እንዳይፋተግ ያለሰልሰዋል። ካንሰሩ እዚያ ሲደርስ ፈሳሹ ይበዛል፣ የሚወገድበትም መንገድ ይዘጋል። ከረጢቱ ደግሞ ቶሎ አይሰፋም። ውሃው ቦታ ሲያጣ ልብን ይጫናል። የተጫነ ልብ በደም አይሞላም፣ ካልሞላ ደግሞ የሚረጨው የለውም። ክኒኑ የሚቀንሰው በደም ሥር ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ነው፤ ማለትም ያ ልብ አጥብቆ የሚፈልገውን። ግፊታቸው ወርዶ እዚያው ሊወድቁብሽ ይችላሉ። ሐኪማቸው መርምሮ ለሌላ ምክንያት ካዘዘላቸው ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ተመልሶ ይመጣል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ልዋሽሽ አልችልም። በመርፌ ብቻ ቀድቶ መተው ትንፋሽ ይመልሳል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የሚወርደው እስኪያንስ ለጥቂት ቀን የሚተዉት። እየደጋገመ ካስቸገረ የቀዶ ሐኪም ሽፋኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል። እነሱ መስኮት ይሉታል። ፈሳሹ በዚያ በኩል ወደ ደረት ወይም ወደ ሆድ ክፍተት ይወርዳል፣ ሰውነት እዚያ ይመጠዋል፣ ልብም ከጭነቱ ያርፋል። ይህ የትም የሚሠራ ሥራ አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ተመልሶ ቢመጣ ወዴት ነው የምትልኩን?» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። በጭንቅ ሌሊት ሪፈር ማጻፍ ሌላ ስቃይ ነው።

ከሁሉ በላይ ውሃውን የሚያዘገየው የካንሰሩ መድኃኒት ነው። በዚህ በኩል የጡት ካንሰር ከሳንባ ካንሰር ይሻላል። በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሊታዘዝ ይችላል፤ ያ ካልሆነም ሌላ ኬሞ አለ። ሕመሙን ከሥሩ ነቅሎ አያጠፋውም፤ ጊዜ ግን ይሰጣል፣ አንዳንዴም ጥሩ ጊዜ። ስለዚህ ጡታቸው ሲቆረጥ የተሰጣችሁን የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ወረቀት ፈልጊ። ሣጥን ውስጥ ከቤት ካርታው ጋር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ይሆናል፣ እናቶቻችን እንደዚያ ናቸው። የሆርሞኑ ነገር የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ካልተጻፈም ምርመራው ይሠራ እንደሆነ ጠይቂ። ይህን ሳልል አልለፍ፦ ውሃውን ያስመረመረውን ሐኪም አመስግኑት። በእኛ አገር ልብ ዙሪያ ውሃ ሲገኝ ቲቢም ይጠረጠራል፤ ካንሰር ያለበት ሰው ውሃ ሁሉ ደግሞ የካንሰር አይደለም። ሳይመረመር የተደፋ ውሃ ብዙ አይቻለሁ።

ሦስቱ ትራስ ግን አላማሩኝም። ከተቀዱ በኋላ በአንድ ትራስ ተኝተው ከነበረና አሁን ሦስት ከደረሱ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ነገውኑ ይዘሻቸው ሂጂና ኢኮ ይድገሙላቸው። ዛሬ ማታ ደግሞ ነጠላቸውን ስታወርጂላቸው አንገታቸውን እዪው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሳለ ከመንጋጋ ሥር ያለው ደም ሥር ተወጥሮ ከታየ ምልክት ነው። ሲጋደሙ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ትራስ ታቅፈው ወደ ፊት ደፋ ሲሉ ቀለል ካላቸው ያም ምልክት ነው። ልባቸው ያለ ሥራ ይሮጣል ወይ? ሽንታቸው አንሷል? እጃቸው ይቀዘቅዛል? ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃቸው፣ ከዞረባቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ሌሊትም ቢሆን ውጡ። «ሲነጋ እንወስዳታለን» የምትለዋ ነገር ናት ሰው የምታስፈጀው።

መኪናውን ከአሁኑ ተነጋገሩበት። በቅሬያችሁ (በእድራችሁ) መኪና ያለው ሰው አይጠፋም፤ ስልኩን ያዢ፣ ነገሩንም ቀድመሽ ንገሪው። መኪና ውስጥ አታስተኟቸው፣ ደገፍ ብለው ቁጭ ይበሉ። በጣም ከከፋባቸው በቀጥታ ሐረጎን አትውጡ። ደሴ ከኮምቦልቻ በግምት 600 ሜትር ከፍ ትላለች፣ አየሩ ይሳሳል፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው። መጀመሪያ እዚያው ኮምቦልቻ ሆስፒታል ግቡ፤ ኦክስጅን ያግኙ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ይላኩ።

አሁን ወደ ጾሙ። ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣት ስለ ክኒኑ ያልኩሽን ነው የሚያደርገው፤ ደም ሥር ውስጥ ያለውን ይቀንሳል። እኔ አይጹሙ ነው የምለው። እሳቸው ግን የእኔን ቃል ምን ያደርጉታል? ይህን ከሚያከብሯቸው ሼህ ይስሙት። ሼሁን ቤት ጥሪያቸው፣ ቡና ይፈላ፣ እፊታቸው ይጠየቅ። ሕመምተኛ እንዲያፈጥር ቁርአኑ ራሱ ፈቅዷል። የሚድን ሕመም ያለበት ሲሻለው ያጎደለውን ቀን ይጾማል፤ ቀዳ ነው። መዳኑ ተስፋ የሌለው ደግሞ በየቀኑ አንድ ችግረኛ ያበላል፤ ፊድያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በዪ። ሼሁ ምን ብለው ይፍረዱ? ብርድ የያዘው ሰው ቀዳ ነው ያለበት። እናትሽም ብርድ ነው ስለተባሉ ቀዳ አለብኝ ብለው ይጨነቃሉ፣ ትንሽ ሻል ያላቸው ለት ይጾሙታል። ፊድያውን በወጉ እንዳያወጡ የከለከላቸው እናንተ የደበቃችሁት ነገር ነው።

መደበቁ ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ። በእኛ አገር ለቤተሰብ ይነገራል፣ ለባለቤቱ አይነገርም፤ ሐኪሞቹም ከቤተሰብ ጋር ኮሪደር ላይ ይንሾካሾካሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እናትሽ ኬሞ የወሰዱ ሰው ናቸው። ቀዩን ውሃ በዓይናቸው አይተዋል። የእናንተን ፊትም በየቀኑ ያነባሉ። ምናልባት እናንተን እንዳያስደነግጡ እሳቸውም ዝም ብለው ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትዘርግፉባቸው። ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ ወይስ ለእኛ ትተዪዋለሽ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ተዪው ካሉ ተዪው። ንገሪኝ ካሉ ንገሪያቸው፤ ልብሽ ዙሪያ ያለው ውሃ ከዚያው ከጡቱ ሕመም የመጣ ነው፣ አይጠፋም፣ ግን ሲሞላ ይቀዳል፣ መድኃኒትም አለው የሚለውን ይስሙ። ዕዳ ያለበት ዕዳውን፣ ኑዛዜ ያለው ኑዛዜውን፣ አውፍታ (ይቅርታ) የምትፈልገው ሰው ያላት ያንን ታስባለች። የእሳቸው ነው።

ሐኪሙ ሞርፊን ሽሮፕ ቢያዝ ደግሞ አትደንግጡ። በትንሽ መጠን ሲሰጥ የትንፋሽን ጭንቀት ያረግባል፤ የሞት መድኃኒት አይደለም። ሆድ ያደርቃልና ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ በዪ።

ጥያቄ፦ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ነኝ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ልቤ ዙሪያ ያለውን ውሃ በቱቦ አወጡልኝ፤ ቱቦው ከተነቀለ ሳምንት ሆነው። ቤተሰቦቼ ጠበል እንውሰድህ ይላሉ። ልሂድ?
ከደሴ

መልስ፦ ይሂዱ፤ ግን ቱቦው የወጣበት ቁስል በደንብ ይግጠም። ቀልቶ ወይም እዥ እያወጣ ከሆነ ቅድሚያ ሐኪም ይየው። ጠበሉ ዳገት ላይ ከሆነ በእግር አይውጡ፣ በበቅሎም ሆነ በመኪና ይድረሱ። የደሴን ብርድ ያውቁታል፤ በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ከሚወርድብዎ ፀሐይ ሲሞቅ ቁጭ ብለው በትንሹ ይረጩ። ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ይቅርብዎት፣ ሰውነት ያደርቃል። መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ፣ አንድም ቀን አያቋርጡ። ካርድዎንና የመጨረሻውን የኢኮ ወረቀት ደግሞ በላስቲክ ጠቅልለው ኪስዎ ይክተቱ፤ እዚያ ቢያምዎት የሚያገኝዎት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።