መልስ፦ የሙዚቃ ምሽታችንን እናቁመው ወይ?

ጎረቤት በድምፁ ተማሮ፣ ከበሮ መቺው ሄዶ፣ ታዳሚውም በግማሽ ቀንሶ «እናቁመው ወይ?» ብላችኋል። እኔ አታቁሙት፣ አሳንሱት እላለሁ። ሳምንታዊ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ይሁን፤ ቀኑ ግን አይነቃነቅ። «የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ» የሚለው ከተለመደ፣ ሰው ማስታወቂያ ባያይም ይመጣል። ቀኑን ካዛወራችሁት ግን ያው ታማኝ ታዳሚ በር ተዘግቶ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ መመለሱን እጠራጠራለሁ።

የድምፁን ነገር በተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ዘፋኙ ሳይሆን ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳን በቀላሉ ያልፋል፤ ድምፅ ማጉያው ጥግ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስበታል። ከጥግ አውጡት፣ ከወለሉም ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ ሙዚቃው እየተጫወተ ከጎረቤቱ በር ላይ ቆማችሁ አድምጡ። ከመድረክ ሆኖ መገመት ዋጋ የለውም። ከበሮ መቺ እስኪገኝ በጊታርና በድምፅ ብቻ መቀጠል ይቻላል፤ ለጎረቤቱም እፎይታ ነው።

ገንዘቡን ምሽቱ ከሚካሄድበት ቤት ባለቤት ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ከቁርጥ ኪራይ ይልቅ ከመግቢያው ገቢ ድርሻ መስጠት ሰው ባነሰበት ምሽት ከዕዳ ያድናችኋል። ሙዚቀኞቹን ግን፣ ትንሽም ብትሆን፣ በዚያው ምሽት ክፈሏቸው።