ሳይጠራ የሚመልሰው ልጅ፦ ለመምህራን ጥያቄና መልስ

ክፍሉን ብቻቸውን ስለሚይዙ ተማሪዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ከ20 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። ይህ ልጅ በየዓመቱ ይመጣል፣ ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው። እንግዲህ በደረሱኝ ተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ 7ኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንድ ልጅ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን ከኋላ ይጮኻል። ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ልቆጣው ወይስ ላበረታታው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተያቸው። እኔ ለዓመታት "ትክክል ነህ፣ ግን እጅህን አውጣ" እል ነበር። ልጁ የሚሰማው የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ነው። ደመወዙን ከፍዬው ሳበቃ ነበር የምቆጣው። አሁን ሳይጠራ የመጣ መልስ ትክክልም ይሁን ስህተት ሰሌዳ ላይ አልጽፈውም፤ ፊቴንም ወደዚያ አላዞርም። እጁን አውጥቶ ሲጠብቅ ግን ቶሎ እጠራዋለሁ።

ከዚህ በላይ የጠቀመኝ መጠበቅ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መምህራን ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። ብዙዎቹ ከ1 ሰከንድ አያልፉም። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን መልሶቹ ረዘሙ፣ የሚናገሩት ልጆችም በዙ። በ1 ሰከንድ ውስጥ መልስ የሚደርስለት ያንቺ ጯሂ ብቻ ነው። ሜዳውን የለቀቅንለት እኛው ነን። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት "ማንም አይናገር፣ መጀመሪያ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ" በይ። ከዚያ በሆድሽ ቁጠሪ። የመጀመሪያ ቀን 3 ሰከንድ አልገፋ ይላል። እኔ የእጄን የጠመኔ ብናኝ እያራገፍኩ ነበር የማሳልፈው።

ጥያቄ፦ "ችላ በለው" ተብዬ ችላ አልኩት። ጭራሽ ባሰበት! በ3ኛው ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ጮኽኩበት።

መልስ፦ መባሱ የሚጠበቅ ነበር ወንድሜ። የሊፍት ቁልፍ ተጭነህ አልመጣ ሲል ምን ታደርጋለህ? ደጋግመህ ትጫናለህ፣ ጠንከር አድርገህ። ልጁም እንደዚያው ነው። ለወትሮው የሚያገኘው ትኩረት ሲቀርበት መጀመሪያ ይጨምራል፣ ከዚያ ነው የሚቀንሰው። አንተ በ3ኛው ቀን ስትጮህ ያስተማርከው ነገር "3 ቀን ከቆየህ ይከፈልሃል" የሚል ነው።

ደግሞም ችላ ማለት ብቻውን አያዛልቅም። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ማድሰን፣ ቤከርና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች ክፍል ውስጥ ፈትሸውታል። ሕግ መደንገግ ብቻውን ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበር። ጥፋቱን ችላ ማለትና ደህና ሲሠሩ ማመስገን አንድ ላይ ሲሄዱ ግን ክፍሉ ተሻሻለ። ብዙዎቻችን ችላ ማለቱን እናደርግና ማመስገኑን እንረሳለን። ሌላ ልጅ ከመታ ወይም ከሰደበ ግን ችላ የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ታስቆመዋለህ።

ጥያቄ፦ የኔዋ ቀልደኛ ናት። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔም አንዳንዴ አልችልም።

መልስ፦ ካሳቀችሽ ሳቂ፤ ብትደብቂው ያስታውቅብሻል። ከዚያ ቀጥዪ። የሷ ከፋይ ክፍሉ ስለሆነ ያንቺ ችላ ማለት ብዙም አይነካትም። ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ 2 ደቂቃ ስጫት፣ ትምህርቱን በቀልድ ታጠቃልለው። ቀልዷን የምታስቀምጥበት ቦታ ካገኘች መሀል ላይ መጣሏን ትቀንሳለች።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሁሉም ፊት ገሠጽኩት። ደስ ያለው ይመስላል። ለብቻው ሳናግረው ምን ልበል?

መልስ፦ 40 ሰው ሲያየው እንዴት ደስ አይለው? ለብቻ ስታናግረው "ለምን?" አትበለው፤ አያውቀውም። አንዷን ተማሪዬን ከክፍል በኋላ በር ላይ አቆምኳትና እንዲህ አልኳት፦ "ሐሳብሽ ይጠቅመኛል። ግን የሌሎቹንም መስማት አለብኝ። ምን ብናደርግ ይሻላል?" 3 ቁራጭ ወረቀት ላይ ተስማማን። በተናገረች ቁጥር አንዷን ወረቀት ዴስኳ ጥግ ላይ ታስቀምጣለች፣ ሲያልቁ በቃ። የመጀመሪያ ቀን በ10 ደቂቃ ጨረሰቻቸውና ፊቷን ጥላ ቁጭ አለች። በሳምንቱ ሦስተኛዋን ወረቀት በጣቶቿ ስታሻሽ፣ ልታስቀምጥ ስትል ስትመልሳት አየሁ። ደወሉ ሊደወል ሲል አስቀመጠቻትና የዕለቱን ምርጥ ጥያቄ ጠየቀች። ለሁሉም ልጅ ይሠራል አልልም። በጣም ለሚያፍር ወይም ለሚናደድ ልጅ አልሞክረውም።

ጥያቄ፦ የክፍል አለቃ ባደርገውስ?

መልስ፦ ሥራ ስጠው፤ ሥልጣን ግን ይቆይ። ሰሌዳ ያጥፋ፣ ደብተር ያድል። የሚረብሽ ሰው ስም እንዲጽፍ ካደረግከው ግን መድረክ ጨመርክለት።

ጥያቄ፦ ከጀርባው ሌላ ችግር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ሊኖር ይችላል። ሩዶልፍ ድራይከርስ የተባለው የሥነ ልቦና ሐኪም የልጆችን ጥፋት ከአራት ፍላጎቶች ጋር አያይዞታል፦ ትኩረት ማግኘት፣ የበላይ መሆን፣ መበቀል፣ ወይም "አልችልም" ብሎ መተው። አንተ ራስህን እይ። ካሰለቸህ ትኩረት ፈልጎ ይሆናል፤ ካስቆጣህና "እናያለን ማን እንደሚያሸንፍ!" ካሰኘህ ጉዳዩ ወደ ጉልበት ዞሯል፣ እልህ አትጋባ።

ጥያቄ ሳያልቅ መልስ መወርወር የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር ከሚባለው ምልክቶችም አንዱ ነው። ነገር ግን በአንድ ምልክት አይወሰንም። ቢያንስ ለ6 ወር የቆዩ፣ ከአንድ በላይ ቦታ የሚታዩ በርካታ ምልክቶች ያስፈልጋሉ። እሱን የሚለየው ባለሙያ ነው። የኛ ሥራ ያየነውን ለወላጅ በትክክል መንገር ነው።

ጥያቄ፦ ዝምተኞቹን እንዴት ላናግር?

መልስ፦ ከሙሉ ክፍል በፊት ከጎናቸው ካለው ጋር ያውሩ። ፍራንክ ላይማን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፦ አስብ፣ ከጓደኛህ ጋር ተወያይ፣ ከዚያ ለክፍሉ ተናገር። ጓደኛው ጆሮ ላይ አንዴ የሞከረው መልስ ሁለተኛ ጊዜ ብዙም አያስፈራውም።

ጥያቄ፦ እናቱ መጥታ "ልጄን እያወቀ ለምን አይጠሩትም?" አለችኝ። ምን ልመልስላት?

መልስ፦ የስም ዝርዝር ያዢና አንድ ሳምንት ሙሉ ልጅ በተናገረ ቁጥር ከስሙ አጠገብ አንድ ጭረት አድርጊ። እኔ ሳደርገው አንዱ ስም አጠገብ ጭረቱ መስመሩን አልፎ ወደ ኅዳጉ ወጥቶ ነበር፤ የ11 ልጆች ቦታ ባዶ ነው። ወረቀቱን የዚያ ልጅ እናት ፊት ዘረጋሁት። ዝም ብላ አየችውና ባዶዎቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች።