የጨጓራ ቀለበት ካስገቡ በኋላ እንጀራ አልወርድ ሲል

እህቴ፣ «የጨጓራ ቀለበት ውጭ አገር አስገብቼ መጣሁ፤ ካዛንቺስ ምሳ ስንወጣ እንጀራው ደረቴ ላይ ይቆማል» ላልሽው፣ እኔም ባለ ቀለበት ነኝ፤ ክብደት ለመቀነስ በቀዶ ሕክምና የጨጓራን አናት የሚያስረው ማለቴ ነው። ትኩስ እንጀራና ለስላሳ ዳቦ ሲታኘክ ሊጥ ይሆንና ቀለበቱ ያጠበባት መተላለፊያ ላይ ይለጠፋል። ቀጠን ያለ ሽሮ በማንኪያ፣ ወይም እንቁላል ፍርፍር ይሻልሻል። ጥሬ ሥጋውን ተዪው። ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ አምቦ ውሃ ደግሞ ይነፋሻል።

ትልቁ ፈተና ጉርሻ ነው! «በሞቴ» ሲሉሽ በእጅሽ ተቀበይና በትንሽ በትንሹ ቆርሰሽ ብዪ። የሚያኮርፍ ያኩርፍ።

ደጋግሞ ካስመለሰሽ ወይም ውሃ እንኳ አልወርድ ካለ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ከቆዳሽ ሥር ካለችው፣ በቱቦ ከቀለበቱ ጋር ከተያያዘችው ትንሽ ቋት ፈሳሽ ቀድቶ ቀለበቱን ያላላዋል። የቀዶ ሕክምና ወረቀትሽን ያዢ፤ ተራ መርፌ ቋቷን ስለሚጎዳት የራሷ መርፌ ያስፈልጋታል።